የልጄን ጉልበት ተከትዬ ወደ ሙገር ሸለቆ

ጉለሌ ተወልዶ ጉለሌ የሚያረጅ ሰው ሙገር ሸለቆን ባያይ ምንም አይቀርበትም ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር። ሆኖም ልጆቼን ሲዋሹ የምቀጣ ሰው ስለሆንኩ በገዛ ደብተሬ ላይ መዋሸት አልወደድኩም። ይቀርበታል። በተለይ እንደኔ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ከሆነ ብዙ ይቀርበታል።

ሥራዬ ሽመና ነው፤ ሽሮ ሜዳ በማኅበር ከተደራጁት ሸማኔዎች አንዱ ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ያነበብኩትን ሁሉ ያነበብኩት ራሴን አስተምሬ ነው። ልጄን ስንዱን በአራት ዓመቷ የልጅነት ልምሻ መታትና ቀኝ እግሯ ሰነፈ። ሐኪሞቹ «በርታ» ብለው ሸኙኝ። እኔም በረታሁ። ለጤና ረዳቶች የተዘጋጀ አሮጌ መጽሐፍ ከመርካቶ ገዛሁና ስለ ጡንቻ ማጥናት ጀመርኩ። ቆዳው የተገፈፈ ሰው የሚያሳየውን ትልቅ ሥዕል ከመጽሐፉ አውጥቼ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ጎረቤታችን እማማ አረጋሽ ሰማዕት መስሏቸው ሁለት ዓመት ሙሉ ተሳለሙት። ሰማዕት አለመሆኑን ስነግራቸው «ታዲያ ምን አጥፍቶ ነው የገፈፉት?» አሉኝ።

ከሥዕሉና ከሥራዬ አንድ ሕግ አወጣሁ። ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ ሁለት መርገጫ ሲረግጥ ይውላል፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። የሰው እግርም እንዲሁ ነው አልኩ። የፊት ጡንቻ ሲሠራ የኋላው ይተኛል፤ የኋላው ሲሠራ የፊቱ ይተኛል። ስንዱ ስትሄድ ወገቧን ወደ ፊት ጎንበስ አድርጋ ቀኝ እጇን ከጉልበቷ በላይ ጭኗ ላይ ታሳርፋለች። ይህ የስንፍና ምልክት መሰለኝ። የፊት ጡንቻዋ እጇን ተማምኖ ተኝቷል አልኩ። ስለዚህ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ «ቀጥ በይ፣ እጅሽን አንሺ» ስል ኖርኩ። ለነፍሷም ለእግሯም አንድ መድኃኒት ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

ስንዱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ የመምህርነት ሥልጠና ወሰደችና ሙገር ሸለቆ ውስጥ ወዳለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደበች። መኪና እስከ ጫንጮ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሁለት ቀን በእግር። የጽሕፈት ቤት ሥራ እንዲሰጧት ላመለክትላት ስል እምቢ አለች። ሦስት ቀን ከተከራከርን በኋላ ተስማማን። እኔ አብሬያት እሄዳለሁ። ሳትወድቅ ከደረሰች ትቀራለች፤ ከወደቀች ይዣት እመለሳለሁ።

«አንዴ ከወደቅኩ?» አለችኝ።

«አንዴ ከወደቅሽ።»

ሁለት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ወደ ቁስቋም ማርያም ዳገቱን አወጣኋት። ስንመለስ ግን ቁልቁለቱን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ቁልቁለት እረፍት ነው ብዬ አምን ነበር።

ሰኞ

ገና ሳይነጋጋ አዲሱ ገበያ ደረስን። ነዳጅ ጠፍቶ ስለነበር አውቶቡሱ አልመጣም። ባለቤቴ እስከዚያ ሸኝታን የስንቅ ቋጠሮውን ለኔ ሳይሆን ለስንዱ ሰጠቻት። «እሱ ከያዘው መንገድ ላይ ለሚያስተምረው ሰው ሁሉ ያከፋፍለዋል» አለች። ረፋዱ ላይ ማዳበሪያ የጫነ መኪና ቆመልን። ሾፌሩ ስንዱን ጋቢና አስገባት፤ እኔ ከጆንያው ላይ ወጣሁ። ማዳበሪያ ላይ ተቀምጦ እንጦጦን የተሻገረ ሰው ብቻ ነው የእኛ ሰፈር አየር ምን ያህል የጠራ እንደሆነ የሚያውቀው፤ የቀጨኔ ጭስ እንኳ ናፈቀኝ።

ሱሉልታ ሜዳ ነው። ጉለሌ ውስጥ አንድ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ሃምሳ እርምጃ ሳይወጣ ወይም ሳይወርድ መሄድ አይችልም። ሱሉልታ ላይ ግን ዓይን እስከቻለ ድረስ ሣርና ውሃ ነው። እዚህ የተወለደ ሰው ባቱን በምን ያጠነክራል እያልኩ ሳስብ ኬላው ጋ ደረስን።

ጠባቂው ቦርሳዬን ሲፈትሽ ሥዕሉን አገኘው። ለመንገድ ትምህርት ይሆነናል ብዬ ከግድግዳ አንስቼ ይዤው ነበር። ዘረጋውና ቀስቶቹንና ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አያቸው።

«የየት አገር ካርታ ነው?»

«ካርታ አይደለም ጓድ፤ ታፋ ነው።»

«የማን ታፋ?»

«የማንም አይደለም፤ የሰው ልጅ ታፋ ነው።»

«ይኼ ቀስት ወዴት ነው የሚያመለክተው?»

«ወደ መቀመጫ።»

ከጆንያው ላይ አብረውኝ የነበሩት ሳቁ። ጠባቂው አልሳቀም። «ከኔ ጋር ነው የምትቀልደው?» አለ። በሕይወቴ ቀልጄ አላውቅም። ይህንን ላስረዳው ስል ይበልጥ ተቆጣ። በመጨረሻ «እሺ፣ አሳየኝ» አለኝ። በሱሉልታ ንፋስ ሱሪዬን እስከ ጭኔ ሰብስቤ ወዲያና ወዲህ እየሄድኩ የፊቱ ሲሠራ የኋላው እንደሚተኛ አስረዳሁት። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ። ሲያበቃ የራሱ ጉልበት ቁጭ ብሎ ሲነሳ እንደሚንጫጫ ነገረኝና ምክር ጠየቀኝ። መከርኩት። አመሰገነኝ። ሥዕሉን ግን ለኃላፊው ሊያሳይ ያዘው።

መኪናው ሲንቀሳቀስ ስንዱ ከጋቢናው መስኮት አንገቷን አውጥታ «አባባ፣ ሰማዕቱ ታሰሩ» አለችኝ። ሾፌሩ መሪውን መያዝ እስኪያቅተው ሳቀ። ልገሥጻት ፈለግኩ፤ ከጆንያ ላይ ሆኖ መገሠጽ ግን አይመችም።

ጫንጮ ያደርንበት ቤት አልጋው ሁለት፣ ቁንጫው ግን ለአሥር አልጋ የሚበቃ ነበር። ሽሮው ቀጭን ሆኖ ትኩስ ነበር። የቤቱ እመቤት ስንዱ እግሯን እንደምትጎትት አይታ ሳትጠይቅ ለብ ያለ ውሃ በጨው አመጣችላት። ለኔ አላመጣችልኝም፤ ጤነኛ መስያት ይሆናል።

ማክሰኞ

ከጫንጮ ወደ ምዕራብ ስንወጣ የገበያ ቀን ነበር። መንገዱ አህያ፣ ጤፍ፣ ዶሮና ሰው ሞልቶታል። ጭቃው የክረምቱ ነው። ስንዱ ከኋላዬ እንደ ልማዷ ጎንበስ ብላ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትመጣለች። እስከ ረፋድ ዝም አልኩ። ከዚያ ብዙ ሴቶች ከፊት ለፊታችን መጡ፤ ሁሉም ልጄን አዩዋት። እኔ ደግሞ ሲያዩዋት አየሁ።

«ቀጥ በይ» አልኳት። «እጅሽን አንሺ። ሰው እያየሽ ነው።»

ታዘዘች። ሁልጊዜም ትታዘዛለች። ወገቧን አቃናች፣ እጇን አነሳች፣ ቀኝ እግሯን አሳረፈችና ጉልበቷ እንደ ሰንጢ ታጠፈ። ጭቃው ላይ ተዘረጋች።

ከሴቶቹ መካከል አንዲት ቀጭን አሮጊት አህያቸውን ለቀው መጡ። እማማ ጫልቱ ይባላሉ። በአካባቢው የታወቁ ወጌሻ መሆናቸውን በኋላ ነው ያወቅነው። ስንዱን ደግፈው አስነሷትና ወደኔ ዞሩ።

«ማነው ቀጥ በይ ያላት?»

«እኔ ነኝ። አባቷ ነኝ።»

«ምን አደረገችህ?» አሉኝ።

የስንዱ ጉልበት ወዲያው አበጠ። እማማ ጫልቱ አህያቸው ላይ አስቀመጧትና ወደ ቤታቸው ወሰዱን። እኔ ከአህያዋ ኋላ እየሄድኩ ነገ ጠዋት እንደምንመለስ ነገርኳት። ቃል ተገብቷል አልኩ። እሷ የአህያዋን ጆሮ መደባበስ ጀመረች። እንዳታለቅስ ፈርቼ ነበር፤ አላለቀሰችም። ያ ደግሞ ይበልጥ ከበደኝ።

የእማማ ጫልቱ ቤት ሜዳ ላይ ነው። ግቢያቸው ንጹሕ ነው፤ ከእኛ ሰፈር ግቢዎች ስድስቱን ይውጣል። ጉልበቷን በቅቤ አሹላት። አጥንቱ ደህና ነበር። ፀሐይዋ ሳትጠልቅ በፊት ግቢው ውስጥ እንድትሄድ አዘዟት።

«እንደ ልማድሽ ሂጂ» አሉ። «እሱ እንደሚልሽ አይደለም።»

ስንዱ ጎንበስ ብላ ሄደች። አሮጊቷ ከጎኗ አብረዋት እየተራመዱ አንዴ ጭኗን፣ አንዴ ባቷን፣ አንዴ ከወገቧ በታች በጣታቸው ይነካሉ። ሦስት ጊዜ ግቢውን ዞሩ። ከዚያ እኔን ጠሩኝ።

«አንተም ሂድ። አንድ እጅህን ጭንህ ላይ፣ አንዱን መቀመጫህ ላይ አድርግ።»

«እማማ፣ እኔ እኮ ይህንን አጥንቻለሁ።»

«ካጠናህማ አይከብድህም።»

መቀመጫዬን ይዤ ግቢውን መዞር ጀመርኩ። የልጅ ልጆቻቸው መቀመጫቸውን ይዘው በሰልፍ ተከተሉኝ። ስንዱ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ሁለተኛው ዙር ላይ ግን መሳቃቸውን ረሳሁት፤ እጄ ሥር ያለው ነገር ከመጽሐፌ ጋር አልስማማ አለኝ።

ለአንባቢ በቀላሉ ልንገር። ተረከዝ መሬት ሲነካ የፊት ጭን ይጠነክራል። በዚያው ቅጽበት መቀመጫም ይጠነክራል። አንዱ ሠርቶ ሌላው አይተኛም፤ የፊቱ ጉልበት እንዳይታጠፍ ይይዛል፣ የኋላው ጭንን ወደ ኋላ ይስባል፣ ሁለቱም አንድ ክብደት ይሸከማሉ። ሰውነት በእግሩ ላይ አልፎ ሲሄድ ሁለቱም ይላላሉ፤ ተራው የባት ይሆናል። ባት ቅልጥም ወደ ፊት እንዳይደፋ ይዞ ይቆይና በመጨረሻ ተረከዙን ያነሳዋል። እግር በአየር ላይ ሲወዛወዝ ግን ጭኔ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ጣቶች መሬት እንዳይነኩ የሚያነሳው ከቅልጥም ፊት ያለው ብቻ ነው። ሊያርፍ ሲል ቋንጃ ይመጣና እንደ ፍሬን ያዘገየዋል። አንድ እርምጃ ይኼ ሁሉ ነው። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ እግሬን አላውቀውም ነበር።

«አሁን የሷን ልንገርህ» አሉ እማማ ጫልቱ። «የፊቱ ሞቷል። ዛሬ አልሞተም፤ ድሮ ነው። ተረከዟን ስታሳርፍ እንደ ሊጥ ነው። አንተ ሊጥ ነው ስትቀሰቅስ የኖርከው።»

«ታዲያ እንዴት ትቆማለች?»

«ሌሎቹ ተካፈሉት። መቀመጫዋ ጭኗን ወደ ኋላ ይይዛል፤ ባቷ ቅልጥሟን ወደ ኋላ ይይዛል፤ መሐል ላይ ያለው ጉልበት ወዴት ይታጠፋል? ጎንበስ የምትለው ክብደቷ ከጉልበቷ ፊት እንዲወድቅ ነው። እጇ ደግሞ የጎደለውን ይሞላል። ቀጥ ስትል ክብደቷ ከጉልበቷ ኋላ ይሆናል፤ የሚይዘው የለም።»

ማን እንዳስተማራት ጠየቅኳቸው።

«እሷን ጠይቃት።»

ስንዱ ወደ መሬት እያየች ነበር። «ማንም አላስተማረኝም» አለች። «ልነግርዎ እሞክር ነበር አባባ። እርስዎ ግን እግሬን ከኔ በላይ ያውቁት ነበር።»

ራት ጨጨብሳ ከእርጎ ጋር ቀረበ። ሰው ሲያፍር ምግብ አይወርድለትም ተብሎ ይጻፋል። እኔ አፍሬም በላሁ፤ ሁለቴ አስጨመርኩ።

ረቡዕ

ጠዋት ስንዱ ቋጠሮዋን በጫንጮ በኩል ባለው አጥር አጠገብ አስቀምጣ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። ልትመለስ ተዘጋጅታለች።

«ዛሬ ቃሌን አፈርሳለሁ» አልኳት።

«የትኛውን?»

«ከወደቅሽ እንመለሳለን ያልኩትን። ትናንት አልወደቅሽም። እኔ ነኝ የጣልኩሽ።»

ቀሚሷን አየች። «ወድቄያለሁ» አለች። «ጭቃው እስካሁን ቀሚሴ ላይ አለ። ግን እሺ።»

ልጆቼን ሁሉ ቃል ስለ ማክበር ስቀጣ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ይህን እዚህ መጻፍ ይገባኛል። ቃሌን ጠብቄ ብመለስ ኖሮ ሰፈር ውስጥ የሚወቅሰኝ አልነበረም፤ እውነተኛ ሰው ይሉኝ ነበር። ያ ነው ያስፈራኝ።

የጾም ቀን ስለሆነ እማማ ጫልቱ ቆሎና ንፍሮ ቋጠሩልን። መንገዱን እስከ ሸለቆው አፋፍ አሳዩንና እኔን ለይተው «ቁልቁለቱ ላይ ተጠንቀቅ» አሉኝ። ለልጄ የተሰጠ ምክር መስሎኝ አልፌው ሄድኩ።

ሙገር ሸለቆ መሬት ድንገት የሚያልቅበት ቦታ ነው። ከእንጦጦ አናት ወደ ከተማው ቁልቁል ያየ ሰው ያንን አምስት ጊዜ ደራርቦ ያስብ። ወንዙ ከታች እንደ ክር ይታያል፤ ሸማኔ ስለሆንኩ አይደለም፣ ክር ነው የሚመስለው። መንገዱ ገደሉን እየተጠማዘዘ ይወርዳል።

ስንዱ ወዲያው ወደ ጎን ዞረች። የታመመውን እግሯን ቀጥ አድርጋ ከታች ታሳርፋለች፤ የሚታጠፈው ከላይ ያለው የግራ ጉልበቷ ነው። በጣም ገደል የሆነበት ላይ ዞራ በጀርባዋ ትወርዳለች። ዝግ ትላለች እንጂ አትቆምም። እኔ ግን ቀጥ ብዬ ፊት ለፊት ወረድኩ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ጭኖቼ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ዳገት ላይ ጡንቻ እያጠረ ይገፋል፤ ቁልቁለት ላይ ግን የፊት ጭን እየተለጠጠ ክብደትን ይይዛል፣ ልክ ሾፌር ቁልቁል ሙሉ ፍሬን ረግጦ እንደሚወርድ። የኔ ፍሬን ጋለ። እግሬን ሳሳርፍ ጉልበቴ የማን እንደሆነ አላውቀውም። አንድ ጠመዝማዛ ላይ ታጠፈብኝና በመቀመጫዬ ተንሸራትቼ ቁጥቋጦ ላይ ቆምኩ።

ስንዱ በጎኗ እየወረደች ደረሰችብኝ።

«ወደቁ አባባ።»

«ተቀመጥኩ።»

«እንመለስ?»

ከታች ጨው የጫነ አህያ የሚነዱ ሁለት ሰዎች እየወጡ ነበር። ስነሳ ሁለቱንም እጆቼን ጭኖቼ ላይ ተክዬ ነው። እንደዚያው ሆኜ መሄድ ጀመርኩ። ጎንበስ ብዬ። ሰዎቹ እኛን አይተው ቆሙና አንደኛው ለጓደኛው «አባትና ልጅ አንድ ዓይነት ሕመም ነው ያላቸው» አለው። ስንዱ «የኔ ይሻላል» ብላ መለሰችለት።

ትምህርት ቤቱ የደረስነው ፀሐይዋ ገደሉን ስትለቅ ነው። ታች ያለው ሙቀት ጉለሌ ለሚኖር ሰው ምድጃ ውስጥ እንደመግባት ነው፤ ጋቢዬን ቢሰርቁኝ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር። ርእሰ መምህሩ ወጣት ነው፤ አልጋውን ለኔ ለቆ መሬት ላይ ተኛ። ከአልጋው ለመነሳት ሲያቅተኝም ሳያስነውረኝ እጁን ሰጠኝ።

ሐሙስ

ጠዋት ርእሰ መምህሩ ሁለታችንንም ከመማሪያ ክፍሉ ፊት አስቀመጠን። ክፍሉ የተሠራው የድንጋይ መደብ ላይ ነው፤ ወደሱ የሚያስወጡ አራት ረጃጅም ደረጃዎች አሉት። የሚይዙት ነገር ግን የለም። ስንዱን ትናንት ስትመጣ አይቷታል።

«አልደብቃችሁም» አለ። «ያለፈው መምህር በሦስተኛው ወር ጥሎን ሄደ። ልጆቹ የቀረውን ዓመት ሁሉ ያለ መምህር ከረሙ። እሷ የማትችል ከሆነ ዛሬውኑ ለአውራጃው ልጻፍና ሌላ ሰው ይላኩ። ያሁኑ ይሻላል።» ከዚያ ወደኔ ዞረ። «እርስዎ አባት ነዎት፤ ያውቋታል። ትችላለች?»

ለዚህ ጥያቄ ከጉለሌ ጀምሮ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። የቁስቋም ዳገት አለበት፣ የፊት ጡንቻ አለበት፣ ጽናት አለበት። ሁሉንም ተውኩት።

«መንገድ ላይ ወድቃለች» አልኩ። «የጣልኳት እኔ ነኝ። እግሯን አሥራ አምስት ዓመት ተሳስቼ አስተምሬዋለሁ። ስለዚህ ጥያቄው ለኔ አይደለም።»

ርእሰ መምህሩ ግራ ገባው። ለአውራጃው ሊጽፍበት ያወጣውን ወረቀት እንደያዘ ወደ ስንዱ ዞረ።

ስንዱ ተነሳች። ወደ ደረጃው ሄደች። የመጀመሪያውን በግራ እግሯ ወጣች፣ ቀኙን ጎተተች። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ ተንገዳገደችና ግድግዳውን ያዘች። እኔ ከመቀመጫዬ መነሳት ጀመርኩ፤ ጭኖቼ አላነሱኝም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አራተኛውን ወጣች። ከላይ ሆና ዞረች።

«እቆያለሁ» አለችው። «አንድ ነገር ግን እፈልጋለሁ። እዚህ በቀኝ በኩል እጄን የማሳርፍበት እንጨት ይተከልልኝ። ልጆች ፊት ጠመኔ ይዤ ግድግዳ አልቧጥጥም።»

«ከገበሬ ማኅበሩ ጋር ተነጋግረን...» ብሎ ጀመረ ርእሰ መምህሩ።

«መጥረቢያና ዶማ አላችሁ?» አልኩት።

በዚያን ቀን ልመለስ ነበር፤ አልተመለስኩም። ሁለት የወይራ ቋሚና አንድ ረጅም አግዳሚ ቆረጥኩ። ለመቀመጥ ስፈልግ መውደቅ፣ ለመነሳት ስፈልግ ሰው መጥራት ነበረብኝ፤ ቁፋሮውን አብዛኛውን በጉልበቴ ተንበርክኬ ጨረስኩት። የአግዳሚውን ከፍታ በራሴ ክንድ ለካሁ፤ ሰው ቀጥ ብሎ ሲቆም ክርኑ በሚደርስበት ልክ። አፈሩን ጠቀጠቅኩ፣ ድንጋይ አስደገፍኩ፣ በጠፍር አሰርኩ። ከሰዓት በኋላ አለቀ። ጥሩ ሥራ ነበር፤ ወዝውዤ አየሁት፣ አልነቃነቅም አለ።

ስንዱ መጣች። እጇን አሳረፈችበት። አንዴ ወጣች፣ አንዴ ወረደች። እንደገና ወጣችና ከላይ ቆማ አየችኝ።

«ከፍ ብሏል አባባ» አለች። «ቀጥ ያደርገኛል። ዝቅ ያድርጉት።»

ቋሚዎቹን ነቀልኩና እንደገና መቆፈር ጀመርኩ።